የአውሮፕላኑ ጎማ

በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ የአውሮፕላን ጎማ ልሠራ መሣሪያዬን ተሸክሜ ኤርፖርት ሄጄ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነኝ። ነገሩ ሳቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን እስከ ዛሬ በረሳሁት ነበር። ሰሞኑን ሬዲዮው ስለ ኤርታሌ ደጋግሞ ሲያወራ ያ ቀን እንደገና መጣብኝ። ሾፌሩ ሁሉ እንደየአፉ እያጣመመ ከሚያወራው፣ የሆነውን እንደሆነ እኔው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ትምህርቴ ብዙ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ አብዝቼ ያነበብኩት ጎማ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ወዲያና ወዲህ ቢል ታገሡኝ።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ከአርሂባ ሰፈር ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለችኝ። ቤቷን የለቀቀልኝ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ነው። አገሩ ሲገባ ክሪኩን፣ የአየር መሙያውን፣ ጎማ የሚጠበስበትን ብረትና በሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ትቶልኝ ሄደ። ሰሌዳው ላይ በፈረንጅ ፊደል ረዘም ያለ ነገር ተጽፏል። የጎማ ሥዕል ስላለበት ስለ ጎማ ነው የሚያወራው ብዬ አልጠየቅኩም።

ኋላ እንደሰማሁት ጽሑፉ «ቩልካኒዛሲዮን» ነው የሚለው። ጎማን በእሳት አሙቆ መጠገን ማለት ነው አሉ። የሰፈሩ ሰው ግን ያን ሁሉ ለመጥራት ትዕግሥት የለውም። ሶማሌውም፣ አፋሩም፣ ዐረቡም አሳጥሮ «ቮልካን» ይላል። ጎማ ሲተነፍስ «ቮልካን ጋ ውሰደው» ነው። ቤቷም ቮልካን፣ እኔም ቮልካን። የአገሬ ሾፌሮች ብቻ ጋሽ ደስታ ይሉኛል። በሁለቱም አቤት እላለሁ።

አሁን ወደ እታለም ልምጣ። እታለም በከተማው ከአንድ ደህና ቤተሰብ ዘንድ እዚያው እያደረች የምትሠራ የአገሬ ልጅ ናት። የቤቱ መኪና ጎማ ሲተነፍስ ከሾፌሩ ጋር ብቅ ትል ነበር። ጎማው እስኪሠራ ባልዲ ገልብጣ ትቀመጥና ስለ ልጇ ታወራኛለች። ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ልጇ ትርሲት ትባላለች። ጡት እንደጣለች አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ትታት መጣች። ገንዘብ ትልካለች፣ ፎቶ ይላክላታል፤ እንዲህ እንዲህ ሲል ልጅቱ አደገች። በዚያ ሰሞን ደግሞ ትርሲት በተራዋ ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ተቆርጦላት ነበር። አውሮፕላኗ ሐሙስ ማታ ነው። የምትሠራበት ቤት እመቤት ደግ ሴት ናትና እታለምን ማክሰኞ ከሰዓት በሚነሣው አውሮፕላን ሄደሽ ልጅሽን ሸኝተሽ ተመለሺ ብላ ቲኬት ቆረጠችላት።

ለምን አትከለክያትም ብዬ ጠይቄአት ነበር። «በምን አፌ፣ አባባ» አለችኝ። «እኔ ሰው ቤት እያደርኩ እሷን ሰው ቤት እንዳታድሪ እላለሁ? አልከለክላትም። ሳላያት እንዳትሄድ ነው እንጂ።»

የፈለገችው ያን ብቻ ነበር። ብዙ አልነበረም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ያ የሰኔ ትኩስ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ሰማዩን አደፍርሶት ነበር። እታለም ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። አውሮፕላኑ አይሄድም ተባለ አለችኝ። ምነው ብላት፣ «ቮልካን ነው አሉ» አለችና አየችኝ።

እመቤቲቱ ስልክ ስታነጋግር ቆይታ በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር ነግራታለች። እታለም ዐረብኛውንም ሶማልኛውንም ለገበያ የሚበቃ ታውቃለች፤ ፈረንሳይኛው ግን ይፈጥንባታል። ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዘችው አውሮፕላን የሚለውን፣ አይሄድም የሚለውንና ቮልካን የሚለውን ነው። በዚያ ቤት ደግሞ ቮልካን ማለት ጎማ ሲበሳ የሚሄዱበት ነው። ቮልካን ማለት እኔ ነኝ።

እኔም ወዲያው ገባኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ነገር ፈጥኖ ገብቶኝ አያውቅም። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል እግሩን ዘርግቶ ጎማውን አሳይቶኛል፤ ከመንገድ ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ጎማ ደግሞ የማንም ይሁን የማን ጎማ ነው። የጭነት መኪናውን የሚያፈነዳ ፀሐይ ለአውሮፕላኑ ያዝንለታል? የገረመኝ መተንፈሱ ሳይሆን፣ ያን የሚያህል ኤርፖርት አንድ ጎሚስታ ማጣቱ ነው። ከዚያ ቆይ እስኪ አልኩ። ቮልካን ያሉት እኮ እኔን እየፈለጉ ይሆናል።

«ታዲያ ለምን አትሄድላቸውም?» አለች እታለም። «አባባ፣ እለምንሃለሁ። አንተ ከሠራኸው ይነሣል።»

እንዲህ ተብሎ የማይነሣ ጎሚስታ አለ? የሚጠበስበትን ብረት፣ ማስቲሹን፣ መፈልቀቂያውንና ትንሿን የእጅ ንፋስ መሙያ በከረጢት አድርጌ ቤቷን ቆለፍኩ። የአየር መሙያውን ትልቁን እንዳልሸከመው ከበደኝ። ኤርፖርት ንፋስ አይጠፋም ብዬ ተጽናናሁ።

ታክሲ ያዝን። ባለ ታክሲው ሶማሌ ነው፤ ጫት መግባቱንና አለመግባቱን እንጂ ሌላ ነገር የሚያሳስበው አይመስልም። ጫቱ በመኪና ስለሚመጣ ከተማው በሙሉ ደህና ነበር። ወዴት እንደምንሄድ ሲጠይቅ ኤርፖርት፣ ጎማ ልሠራ አልኩት። እሱም ራሱን ነቀነቀና ዛሬ አውሮፕላን ሁሉ ቆሟል ሲሉ ሰምቻለሁ አለ።

«ሁሉም?» አልኩት።

«ሁሉም።»

እዚህ ላይ ልቤ ደነገጠ። አንድ አውሮፕላን ጎማው ቢተነፍስ የአባት ነው። ሁሉም ባንድ ቀን ከተነፈሱ ግን ሜዳው ላይ ምስማር የበተነ ሰው አለ ማለት ነው። ጎሚስታ ደግሞ በዓለም ላይ የሚታማው በዚህ ነው፤ ሥራ ሲያጣ መንገድ ላይ ምስማር ይበትናል ይባላል። በዚህ ቀን መሣሪያ ተሸክሜ ሳልጠራ ደጃቸው ብደርስ ምን እባላለሁ? ልመለስ አሰብኩ። እታለምን አየኋት። የሻንጣዋን እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደፊት ወደፊት ታያለች። መመለሱን ተውኩት።

የኤርፖርቱ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል። ፈረንጁ፣ ዐረቡ፣ ወታደሩ፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ይጮኻል። አንድ ጥበቃ ከረጢቴን ከፍቶ ብረቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ያዘኝ ብዬ ስጠብቅ፣ «ቮልካን?» አለኝ። አዎን አልኩ። የት ነበርክ እስካሁን፣ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅንህ ነው ብሎ ተቆጣኝ።

እታለም ፊቷ በራ። እኔም ተቆጡኝ ብዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወደ ውስጥ ግን አላስገቡኝም። እኔ የምሠራው በእሳት ነው። የተበሳውን ቦታ በብረት ጥርቅም አድርጌ፣ ከላዩ ባለችው ጽዋ ውስጥ ትንሽ ነዳጅ ጨምሬ አነዳለሁ፤ መለጠፊያው በስሎ ይጣበቃል። ጥበቃው ይህን ሲሰማ እሳት አውሮፕላን አጠገብ አይነድም አለና ከአጥሩ ውጭ፣ የመኪና ማቆሚያው ግንብ ጥላ ውስጥ አስቀመጠኝ። ጎማውን እየገፉ አመጡልኝ።

ጎማው ትንሽ ነው። ለአውሮፕላን አነሰብኝ። የፊቷ ትሆናለች ብዬ አሰብኩ። ፈልቅቄ ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ላስቲክ ማለቴ ነው፣ አወጣሁ። አንድ ቀዳዳ፣ ቀላል ሥራ። ይህን የሚያህል ሕዝብ ያስቆመችው ይህች ናት? ብዬ ታዘብኳቸው። አሳክኬ ማስቲሽ ቀባሁ፣ ጠረቅሁ፣ እሳቱን ለኮስኩ። እታለም ባጠገቤ ቁጢጥ ብላ በነጠላዋ ጫፍ እሳቱን ከነፋስ ትከልልልኛለች።

እዚያው ጥላ ውስጥ ሻንጣዋ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ነበረች። መነጽር አድርጋለች፣ እግሯ አብጦ ጫማዋን አውልቃለች። በአማርኛ ስናወራ ሰምታ ሰላም አለችን። የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት፤ ለስብሰባ መጥታ ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ስትል ነው የቀረችው። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የአውሮፕላኑን ጎማ አልኳት።

መምህርቷ ጎማውን አየች። እኔን አየች። እታለምን አየች።

«ማን ነው የጎማ ችግር ነው ያላችሁ?» አለች ቀስ ብላ።

ቮልካን ነው ተብሏል፣ ቮልካን ደግሞ እኔ ነኝ አልኳት። ሴትዮዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ለቅሶ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ኖሯል። ሳቋን ስትጨርስ ግን ዓይኗ ወደ እታለም ሻንጣ ሄደና ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

«አባቴ፣ በፈረንሳይኛ ቮልካን ማለት እሳተ ገሞራ ነው። ኤርትራ በኩል አንድ ተራራ ፈንድቷል። አመዱ ሰማዩን ስለሞላው ነው አውሮፕላን የማይበረው።»

እታለም የሴትዮዋን አፍ አፍ ታያለች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የያዝኩት ገሞራ የሚለውን ነው። ሰዶምና ገሞራን በቅዱስ መጽሐፍ ሲነበብ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። የገሞራ እሳት ደግሞ በማን ላይ ወረደ አልኩ። መምህርቷ ስሙ ከዚያ ተወስዶ ነው እንጂ እሳቱ ከላይ አይወርድም፣ ከታች ነው የሚወጣው አለችኝ። እዚያ የሚኖሩት እነማን ናቸው ብላት፣ በረሃ ነው፣ አፋሮች ናቸው፣ ፍየልና ግመል የሚያረቡ አለች። በአመዱ ከቀያቸው የተሰደዱ አሉ፣ የሞተም አለ ይባላል አለች።

«ምን አጥፍተው?»

«ምንም። ተራራ ኃጢአት አይቆጥርም።»

ይህ ነገር ብዙ ቀን ሲከነክነኝ ኖሯል። ባሕሩ ዳር ይህን የመሰለ የወደብ ከተማ ቁጭ ብሎ፣ እሳቱ ከፍየል እረኛ መጀመሩ። እኔ ብሆን ከየት እንደምጀምር አውቅ ነበር።

መለጠፊያው እስኪበስል ጊዜ አለ። ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚፈነዳው ብዬ ጠየቅኳት። አስተማሪ ናትና መጠየቋ ደስ አላት። ከመሬት በታች፣ በጥልቁ፣ በሙቀት ብዛት የቀለጠ ድንጋይ አለ፤ ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ይገፋል፤ በውስጡ ደግሞ የታመቀ ጋዝ አለ። የመሬቱ ቆዳ ጠንካራ በሆነበት ቦታ ታፍኖ ይቀራል። በሳሳበት ወይ በተሰነጠቀበት በኩል ይወጣል። በእኛ በኩል ያለው መሬት፣ ከኤርትራ እስከ አፋር፣ ከአፋር እስከዚህ እስከ አሳል ሐይቅ ድረስ፣ ወደ ሦስት አቅጣጫ እየተጎተተ የሚሳሳ ነው አለችኝ።

«አረጀ በይኛ» አልኳት። «ንፋሱ በዛበት፣ ላስቲኩ ሳሳ፣ በሳሳው በኩል ወጣ።»

ትንሽ አሰበችና፣ ተማሪዎቼን እንደዚህ ባስተምራቸው ይሻል ነበር፣ ግን ውስጡ ያለው ንፋስ ብቻ እንዳይመስልህ አለች። ሁሉም ባንድ ዓይነት ይፈነዳል ወይ አልኳት። ጎማ እንኳ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈስ አድሮ ጠዋት ሞቶ ይገኛል፤ ሌላው እየሄደ እንደ መድፍ ይጮኻል። እሷም አዎን እንደዚያው ነው አለች። የቀለጠው ድንጋይ ቀጭን ሲሆን ጋዙ በቀላሉ ያመልጠዋል፣ ድንጋዩም እንደ ፈላ ገንፎ ቀስ እያለ ይፈሳል፤ ኤርታሌ እንደዚያ ነው። ወፍራም ሲሆን ግን ጋዙ ይታመቃል። ለስላሳ ነቅንቀህ ክዳኑን ስትከፍት እንደሚሆነው ይሆናል፤ ድንጋዩን አድቅቆ ወደ ሰማይ ይረጨዋል። አንዳንዱ ተራራ ደግሞ በአንድ ዓመል አይጸናም፤ መጀመሪያ ፈንድቶ ኋላ የሚፈስም አለ።

«አመድ ከሆነ ታዲያ አውሮፕላኑ አይነፋውም?» አለች እታለም። የመጀመሪያ ንግግሯ ነበር።

መምህርቷ ስሙ አመድ ነው እንጂ የምድጃ አመድ አይደለም አለቻት። የደቀቀ ድንጋይና የደቀቀ መስተዋት ነው። አውሮፕላኑ ሞተር ውስጥ ሲገባ እንደገና ቀልጦ ይጣበቃል፣ ሞተሩን ያፍነዋል። ምንጭ ላይ ሲወርድ ውኃውን ያበላሻል፣ ሣር ላይ ሲወርድ ከብቱን ይጎዳል። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ያው አመድ አፈር ሆኖ እህል ያበቅላል።

እታለም ስለ እህሉ መስማት አልፈለገችም። መቼ ይቆማል አለች። ይህን ማንም አያውቅም፣ በተራራውና በነፋሱ ነው፣ ዛሬ ግን አይሆንም፣ ምናልባት ነገም አለች መምህርቷ።

እታለም ብረቴ ላይ የተጠረቀውን አየች። «ታዲያ ይህ ጎማ የምን ነው?» አለችኝ።

ጥበቃውን ጠየቅኩት። ሻንጣ የምትጎትተው የትንሿ ትራክተር ነው አለ። ከጠዋት ጀምሮ ቆማለች አለ። ሻንጣ የለም፣ አውሮፕላን የለም፣ ለእሷ ጎማ ግን ሰው ተጠርቶ ሳይመጣ ቀርቶ ኖሯል። ያ ያልመጣው ጎሚስታ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቢያነብ ሰላም ብዬዋለሁ።

የያዝኩትን ሥራ ጨረስኩ፤ ሌላ ምን ይደረጋል? እጄ ሥራውን ሲሠራ ሐሳቤ እታለም ላይ ነበር። አታለቅስም። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ በጣቷ አሸዋው ላይ መስመር ትስላለች፣ መልሳ ታጠፋለች። ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ተስፋ እኔ የሰጠኋት ነው፤ አሁን ደግሞ ከእኔው ብረት ላይ ወልቆ ወደቀ።

መምህርቷ ወደ እኔ ዞራ ይህ ሥራ እዚህ አገር ያዋጣል ወይ አለችኝ። ያዋጣል አልኳት። ወደ ድንበሩ፣ ወደ ጋላፊ የሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ እንደ ምላጭ ነው። ሾፌሩ አንድ ጊዜ ከአስፋልት ወጣ ካለ ጎማውን ይዘለዝለዋል። የእኔ እንጀራ ያ ድንጋይ ነው።

«ያ ጥቁር ድንጋይ እኮ እሳተ ገሞራ ነው» አለች። «ድሮ የፈሰሰው ነው የቀዘቀዘው።»

እጄ ቆመ። ስንት ዘመን የበላሁት ከእሱ ነው ማለት ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ለካ አልዋሸም። የቮልካን ቤት ነው፣ የሚያበላውም ቮልካን ነው።

ጋላፊ የሚለው ስም ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። መምህርቷን ጠየቅኳት፤ አመዱ የሚከለክለው የሚበረውን ነው ወይስ በመሬት የሚሄደውንም? የሚበረውን ነው፣ በዚያ መንገድ ብዙም አይደርስም አለችኝ። እንግዲያ ተነሺ አልኳት እታለምን።

ጎማዋን ለጥበቃው አስረክቤ በቀጥታ ወደ ዶራሌ መንገድ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚጭኑ መኪኖች ተሰልፈው ወደሚቆሙበት ሄድን። ጌታቸው የሚባል ሾፌር አውቃለሁ፤ ሚስቱንም ልጆቹንም አውቃለሁ፣ አምኜ ሴት የማሳፍርበት ሰው ነው። ጭኖ ሊወጣ ሲዘጋጅ ደረስንበት። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኩት። መንገርስ አልነበረብኝም። መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ወርዶም ሳቀ። ሌሎቹንም ጠርቶ አስነገረኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዶራሌ መንገድ ላይ የቆመ ሐበሻ ሁሉ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እታለም ብቻ አልሳቀችም።

ጌታቸው እሷን ሲያይ አፉን ዘጋ። «ሐሙስ ማታ ነው ያላችሁኝ እህቴ? ድንበሩ ካላቆየን እንደርሳለን። ነይ ጋቢና ውጪ» ብሎ ሻንጣዋን ተቀበላት። እኔም ጎማዎቹን አንድ ባንድ እየመታሁ አየሁለት። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ደክመዋል። ነገርኩት። ያደርሱኛል አለ።

አላደረሱትም። በኋላ እንደሰማሁት ድንበሩ ላይ አንድ ቀን ቆመዋል። ከዚያ አልፈው፣ ሰመራ ሳይደርሱ፣ ያ ጥቁር ድንጋይ ባለበት ሜዳ ላይ ሁለቱም ጎማ ተከታትሎ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው አንድ ነው። የሚያውቁት መኪና መጥቶ ጎማ እስኪያውሳቸው ሐሙስ ዋለ፣ ሐሙስ መሸ። እታለም ከመኪናው ጥላ ወጥታ ሰማይ ሰማዩን ታያለች። ጌታቸው ደውለሽ ለምን አትጠይቂም ብሎ ስልኩን ሰጣት። አልወስድም አለች። ሄዳለች መባሉን በስልክ ከምሰማ ደርሼ ባዶ አልጋዋን ልየው አለችው። ጎማው ሲገኝ ሌሊቱን ሲነዱ አደሩ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ሐሙስ ማታ በልቤ በቃ ደርሳለች ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ተኝቻለሁ።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ቤቷን ልዘጋ ስል ስልኬ ጮኸ። እታለም ናት። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ መጣ። ከኋላዋ የሴት ልጅ ሳቅ ይሰማል።

«አባባ፣ የእሷም አውሮፕላን ቀረ። አመዱ የእሷንም አስቀረው። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ።»

እግዚአብሔር ይመስገን ብቻ አልኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ስማኝማ አባባ። እዚህ ኤርፖርት ያሉት ደውለው፣ የአውሮፕላናችን ጎማ ተበላሽቶብናል፣ ና ሥራልን ቢሉህ፣ የለሁም በላቸው። እለምንሃለሁ። ቤትህን ቆልፍና ጥፋ።»

እሺ አልኳት። ቤቷንም እውነትም ቆለፍኩ። እታለም ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

ከቀናት በኋላ ነፋሱ አቅጣጫ ቀየረና ሰማዩ ጠራ። አውሮፕላኖቹ መነሣት ጀመሩ። ያ ኤርፖርት በር ላይ ሲጮኽ የነበረ ሁሉ ተሳፍሮ ሄደ። መምህርቷም ሄዳለች። ሰማዩ በመጥራቱ ያልተደሰቱ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ አንደኛዋ እናት፣ ሁለተኛዋ ልጅ ናቸው። ትርሲት በረረች።

እታለም ስትመለስ ቤቴ መጣች። ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠች። ትርሲት የላከችልህ ነው ብላ አንድ ፌስታል በሶ ሰጠችኝ። ምን ምን አወራችሁ አልኳት። ብዙም አላወራንም አለች። «ስትተኛ እንደ እኔ አንድ እግሯን ከብርድ ልብሱ ታወጣለች፣ አባባ። አላውቅም ነበር።» ከዚያ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሾፌሮቹ እስከ ዛሬ አልለቀቁኝም። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ጥሩምባ ይነፋሉ። «ጋሽ ደስታ፣ ያኛው በግራ በኩል ዘመም ብሏል፣ ንፋስ ሙላለት» ይሉኛል። ነገ ይምጣ፣ ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል እላቸዋለሁ።

ሬዲዮው ተራራ ፈነዳ፣ እሳት ፈሰሰ ባለ ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚመጡብኝ እነዚያ ምንም ያላጠፉት ፍየል ጠባቂዎች ናቸው። ለእነሱ ያ አመድ የመጣው በክፉ ነው፤ ይህን አልረሳም። ያው አመድ ለእታለም ለጥቂት ቀን ልጇን ያዘላት። ሁለቱን ባንድ ልብ መያዝ ይከብደኛል። መምህርቷን ባገኛት ስለዚህ እጠይቃት ነበር፤ ግን ይህ ጂኦግራፊ አይመስለኝም።

ባለፈው አንድ ቀለም ቀቢ መጥቶ ሰሌዳህ ደብዝዟል፣ በአማርኛ «ጎሚስታ» ብዬ ላድስልህ አለኝ። አመስግኜ ሸኘሁት። እንዳለ ይቆይ አልኩት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ቶሎ ሥራልኝ ብሎ ያልለመነኝ ደንበኛ የለም። እባክህ እንዳትሠራ ብላ የለመነችኝ እታለም ብቻ ናት፤ እሷም የመጣችው ሰሌዳውን አምና ነው።